ከየት መጣ ወይስ ስንት ነው? — «ንጹሕ» ስለሚባለው የሬቲኖል ቅባት

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። የፊት ቅባትን ስም ግን የሚያወጣው ነጋዴ ነው። ይህን ለመረዳት ከከተማችን የመዋቢያ ዕቃ መደብሮች ወደ አንዱ ጎራ ብሎ መደርደሪያውን መመልከት ይበቃል። በአንዱ ጠርሙስ ላይ ቅጠል ተሥሏል፤ በሁለተኛው ላይ ካሮት ይታያል፤ በሦስተኛው ላይ ደግሞ «ንጹሕ»፣ «ተፈጥሯዊ»፣ «ኬሚካል የሌለው» የሚሉ ቃላት በወርቅ ቀለም ተጽፈዋል። ከሁሉም ጎልቶ የሚነበበው «ሬቲኖል» የሚለው ስም ነው። ገዢው ጠርሙሱን አገላብጦ ያያል፤ ዋጋውን ይጠይቃል፤ በቅጠሉ ሥዕል ይተማመናል፤ ከፍሎም ይሄዳል። በውስጡ ከመቶ ስንት እጅ ሬቲኖል እንዳለ ግን አልጠየቀም፤ ሻጩም አልነገረውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ባልተጠየቀው በዚህ ጥያቄ ላይ ለመነጋገር ነው። ጉዳዩ የመስተዋትና የውበት ነገር ብቻ መስሎ የሚታየው አንባቢ ቢኖር ጥቂት እንዲታገሠን እንለምናለን። ነገሩ በአውሮፓ ሕግ የወጣበት፣ በአሜሪካ ፍርድ ቤት የደረሰ፣ በእኛም አገር የብዙ ወጣቶችን የወር ደመወዝ የሚሸራርፍ ሆኗል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አዲሱ የአውሮፓ ደንብ

የአውሮፓ ኮሚሽን በኤፕሪል ወር 2024 ቁጥሩ 2024/996 የሆነ ደንብ አወጣ። በደንቡ መሠረት ከኖቬምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ ለአውሮፓ ኅብረት ገበያ አዲስ የሚቀርብ የፊት ወይም የእጅ ቅባት በውስጡ የሚይዘው ሬቲኖል ከመቶ 0.3 እጅ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ገላን በሙሉ ለሚቀባ ቅባት ደግሞ ልኩ ከመቶ 0.05 እጅ ሆነ። ቀደም ሲል ገበያ ላይ ለነበሩት ዕቃዎች እስከ ሜይ 1 ቀን 2027 ጊዜ ተሰጣቸው። በዕቃው ላይም ቫይታሚን ኤ እንዳለበትና ተጠቃሚው በየቀኑ ከሌላም የሚያገኘውን መጠን እንዲያስብ የሚያሳስብ ጽሑፍ እንዲታተም ታዘዘ።

ይህ ሲሰማ «ሬቲኖል መርዝ ኖሯል እንዴ?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። አይደለም። ሬቲኖል የቫይታሚን ኤ አንዱ መልክ ነው። ቫይታሚን ኤ ለሰው እጅግ አስፈላጊ ሲሆን፣ በሰውነት ውስጥ ስለሚከማች ከልክ ሲያልፍ ግን ይጎዳል። የአውሮፓ ሊቃውንት ለአንድ ጎልማሳ ያስቀመጡት የቀን ጣሪያ 3 ሚሊግራም ያህል ነው። ሰው ይህን ቫይታሚን ከጉበት፣ ከእንቁላልና ከወተት ያገኛል፤ አንዳንዱም እንደ ኪኒን ገዝቶ ይውጠዋል። በዚህ ሁሉ ላይ ደግሞ ቆዳው ከቅባቱ የሚመጠው ሲጨመር፣ አስቀድሞ ብዙ የሚያገኙት ጥቂት ሰዎች ጣሪያውን ሊያልፉ ይችላሉ። ኮሚሽኑን ያማከሩት ሊቃውንት ያሳሰቡት ይህንኑ ነው። የገላ ቅባት ልክ ከፊቱ በስድስት እጅ ያነሰውም ሰፊ ቆዳ ስለሚሸፍን ነው።

አንባቢ ልብ እንዲለው የምንፈልገው ነገር እዚህ ላይ አለ። ደንቡ ሬቲኖሉ ከዓሣ ጉበት ይምጣ ወይም ከፋብሪካ ብሎ አልለየም። የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም «ስንት ነው?» የሚል ነው። ገበያው ግን የሚያስጠይቀን «ከየት መጣ?» ብለን ነው።

ከቅቤ የተጀመረ ታሪክ

ለመሆኑ «የተፈጥሮ ሬቲኖል» የሚባል ነገር አለን? መልሱ ከቅቤ ይጀምራል። በ1913 በአሜሪካ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ኤልመር ማኮለምና ማርገሪት ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች አይጦችን በልዩ ልዩ ጮማ ቀለቡ። የአሳማ ስብ ወይም የወይራ ዘይት የተሰጣቸው አይጦች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ዕድገታቸው ቆመ። ከቅቤ ወይም ከእንቁላል የወጣ ጮማ ሲጨመርላቸው ግን እንደገና ማደግ ጀመሩ። በቅቤው ውስጥ ያለው ያ የማይታይ ነገር ኋላ ቫይታሚን ኤ ተባለ። ይህ ነገር ሲጎድል የሚመጣውን ዳፍንት አገራችን በሚገባ ታውቀዋለች፤ ለሕፃናት በየስድስት ወሩ የቫይታሚን ኤ ጠብታ የሚሰጠውም ስለዚሁ ነው።

በ1931 ፓውል ካረር የተባለው የስዊስ ሊቅ የቫይታሚኑን አሠራር ገልጦ አሳየ፤ በ1937ም በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ከተሸለሙት አንዱ ሆነ። አሠራሩ ከታወቀ በኋላ በፋብሪካ ለመሥራት የፈጀው ጊዜ ሃያ ዓመት አይሞላም። ዛሬ በፊት ቅባት ውስጥ የሚገባው ሬቲኖል በአብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ነው። ይህም ጉድለት አይደለም። በፋብሪካ የተሠራው ሬቲኖልና በቅቤ ውስጥ ያለው ሬቲኖል ያው አንድ ነገር ናቸው፤ ቆዳ በመካከላቸው ለይቶ አያውቅም።

በጠርሙሱ ላይ የተሣለው ካሮትስ? ካሮት ሬቲኖል የለውም። ካሮት ያለው ቤታ ካሮቲን የተባለ ቀለም ሲሆን፣ ሰውነታችን ስንበላው ወደ ቫይታሚን ኤ ይለውጠዋል። ሬቲኖል ተዘጋጅቶ የሚገኘው ከእንስሳት በሚመጣ ምግብ ነው። ስለዚህ «ከተክል የተገኘ የተፈጥሮ ሬቲኖል» የሚል ጽሑፍ ያየ ሰው ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ እንዳናውቅ ይፈልጋል ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም።

አንዳንድ አንባቢ «እንግዲያስ እናቶቻችን አናታቸውን የሚቀቡት ለጋ ቅቤ ይበቃናል» ይል ይሆናል። ቅቤው ጠጉርንና ቆዳን ማለስለሱ የታወቀ ነው። ነገር ግን በ100 ግራም ቅቤ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኤ ከአንድ ሚሊግራም አይሞላም፤ ከመቶ 0.3 እጅ ሬቲኖል ባለበት 100 ግራም ቅባት ውስጥ ግን 300 ሚሊግራም አለ። ሁለቱን የሚለያቸው ተፈጥሮ ሳይሆን ልክ ነው።

በተክል በኩል ስሙ የሚነሣው ባኩቺዮል የተባለው ነው። ይህ በሕንድ አገር ባብቺ ከሚሉት ተክል ፍሬ የሚገኝ ሲሆን ከሬቲኖል ጋር በዘር አይገናኝም። በ2019 በታተመ አንድ ጥናት 44 ሰዎች ተከፍለው ገሚሶቹ ባኩቺዮል፣ ገሚሶቹ ሬቲኖል ለ12 ሳምንት ተቀቡ፤ ሁለቱም ከመቶ 0.5 እጅ ነበሩ። በሁለቱም ወገን የፊት መስመርና ጥቁር ነጠብጣብ ቀነሰ፤ የሬቲኖሎቹ ቆዳ ግን ይበልጥ ተላጠ፣ ቆጠቆጠም። ይህ ተስፋ የሚሰጥ ውጤት ነው። ሆኖም በ44 ሰዎች የተገኘ ተስፋ ነውና በሬቲኖል ላይ ከተደረገው የብዙ ዓመት ምርምር ጋር እኩል አይመዘንም። ቆዳቸው ለማይታገሥ ሰዎች አማራጭ ሊሆን ይችላል፤ «የተፈጥሮ ሬቲኖል» ብሎ መሸጡ ግን በቅሎን ፈረስ ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

በቆዳ ላይ የሚሠራው ሥራና የተከፈለው ዋጋ

ቆዳችንን ወጥሮ የሚይዘው ከሥሩ ያለው ኮላጅን የተባለ ጭረት መሰል ነገር ነው። ዕድሜና ፀሐይ ይህን ያላሉታል፤ ከዚያም መስመርና መሸብሸብ ይመጣል። ሬቲኖል ቆዳ ውስጥ ሲገባ በሁለት ደረጃ ተለውጦ ሬቲኖይክ አሲድ ይሆናል። አዲስ ኮላጅን እንዲሠራና የቆዳው ገጽ ቶሎ ቶሎ እንዲታደስ የሚያዘው ይህ አሲድ ነው። አሲዱ ራሱ በቀጥታ ሲሰጥ ትሬቲኖይን ይባላል፤ ይኸውም መድኃኒት ነውና በአሜሪካ በሐኪም ማዘዣ ብቻ ይሸጣል። በዚያ አገር በ1971 ለብጉር፣ በ1995 ደግሞ በፀሐይ ለተጎዳ ቆዳ ተፈቀደ። ሬቲኖል ከእርሱ የደከመ ቢሆንም ጨርሶ ከንቱ አይደለም። በ2007 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት አማካይ ዕድሜያቸው 87 ዓመት የሆነ 36 አረጋውያንን በአንደኛው ክንዳቸው ላይ ከመቶ 0.4 እጅ ሬቲኖል ያለበትን፣ በሌላው ላይ ባዶውን ቅባት ለ24 ሳምንት ቀቧቸው። ሬቲኖል በተቀባው ክንድ ላይ ጥቃቅኑ መሸብሸብ ቀንሶ ተገኘ።

የትሬቲኖይን ስም ሲነሣ የፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲው የቆዳ ሐኪም የአልበርት ክሊግማን ስም አብሮ ይነሣል። ሰውየው በቆዳ ሕክምና ታላቅ ዝና ያተረፈ ነበር። ነገር ግን ከ1951 እስከ 1974 በፊላደልፊያ ከተማ ሆምዝበርግ በተባለው ወህኒ ቤት በእስረኞች ቆዳ ላይ ብዙ ሙከራ አድርጓል፤ ስለ ትሬቲኖይን ካደረገው ምርምር ከፊሉም የተካሄደው በዚያው ነው። ከእስረኞቹ አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ፤ በጥቂት ገንዘብ ቆዳቸውን ሲሰጡ የሚደረግባቸውን ነገር በሚገባ አልተነገራቸውም። የዩኒቨርሲቲው የሕክምና ትምህርት ቤት በ2021፣ ከተማይቱም በ2022 ይቅርታ ጠየቁ። ይህን የምናነሣው ዛሬ በመድኃኒቱ የሚጠቀመውን ሰው ለመውቀስ አይደለም። «ንጹሕ» የሚለው ቃል በቅባት ጠርሙስ ላይ በርካሽ ሲጻፍ፣ ዕውቀቱ የተገኘበት መንገድ ምን ያህል ንጹሕ እንዳልነበረ ማስታወስ ተገቢ ስለ ሆነ ነው።

«ንጹሕ» የሚለው ቃል ለምን ተወለደ?

ቃሉ የበዛው በአሜሪካ ነው፤ ይህም ምክንያት አለው። የአሜሪካ የመዋቢያ ዕቃ ሕግ በ1938 ከወጣ በኋላ እስከ 2022 መጨረሻ ድረስ ያህል ትልቅ ማሻሻያ ሳይደረግበት ቆየ። በአውሮፓ በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገቡ የተከለከሉት ነገሮች ከ1,300 በላይ ሲሆኑ፣ በአሜሪካ ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሕዝቡ በመንግሥት ያላገኘውን ዋስትና ከነጋዴው ፈለገ፤ ነጋዴውም «ንጹሕ» የሚል ቃል ሰጠው። እንግዲህ የገዢው ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ ለሥጋቱ የተሰጠው መልስ ግን ቃል ብቻ ነበር። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር «ተፈጥሯዊ» ለሚለውም ሆነ «ንጹሕ» ለሚለው ቃል በመዋቢያ ዕቃ ላይ ሕጋዊ ፍቺ አላወጣለትም።

ቃሉ በፍርድ ፊት ሲቀርብ ምን ያህል እንደሚመዝን አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። ሴፎራ የተባለው የመዋቢያ መደብር በ2018 «ንጹሕ» የሚል ምልክት ለዕቃዎች መስጠት ጀመረ። በ2022 አንዲት ገዢ «ንጹሕ ሲባል ተፈጥሯዊና የማይጎዳ ማለት መስሎኝ ነበር» በማለት በኒው ዮርክ ከሰሰች። ዳኛው በ2024 ክሱን ዘጉት፤ መደብሩ ቃል የገባው በዝርዝር የጻፋቸው አንዳንድ ነገሮች በዕቃው ውስጥ እንደሌሉ ብቻ እንጂ ሌላ አይደለምና። በሌላ አነጋገር፣ ቃሉ ገዢው የመሰለውን ሁሉ አይሸከምም። የተፈጥሮ መዋቢያን ትርጉም ለመወሰን በ2016ና በ2017 የወጣው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት መመሪያ እንኳ ስለ ጤና ደኅንነት እንደማይናገር ራሱ ይገልጻል።

ደግሞስ ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር ሁሉ ደግ ነው ያለው ማነው? ኮሶ የዛፍ አበባ ነው፤ ከእርሱ ይበልጥ ተፈጥሯዊ መድኃኒት አይገኝም። ነገር ግን አያቶቻችን ኮሶን ሲጠጡ በልክ ነበር፤ ልኩን ያለፈ ሰው ምን እንደሚደርስበት ያውቁ ነበርና። ሜርኩሪም ከመሬት የሚወጣ የተፈጥሮ ነገር ነው፤ ቆዳን ለማቅላት በሚሸጡ አንዳንድ ቅባቶች ውስጥ ተደባልቆ ኩላሊትን እንደሚጎዳ የዓለም የጤና ድርጅት ደጋግሞ አስጠንቅቋል። ከሎሚና ከላቬንደር የሚጨመቀው የመልካም ሽታ ዘይትም ስስ ቆዳን የሚያሳክክበት ጊዜ አለ። አያቶቻችን ስለ ኮሶ ያወቁትን እኛ ስለ ቅባት መርሳታችን ያስገርማል።

ገዢው ምን ይጠይቅ?

እንግዲህ ሬቲኖል ለመግዛት የቆረጠ ሰው ከቅጠሉ ሥዕል ይልቅ የሚከተሉትን ቢመለከት ይሻለዋል።

አንደኛ፣ መጠኑን ይፈልግ። በዕቃው ላይ የሚጻፈው የውስጥ ይዘት ዝርዝር ከሚበዛው ወደሚያንሰው ይወርዳል፤ ከመቶ አንድ እጅ በታች የሆኑት ግን በፈለጉት ተራ ሊጻፉ ይችላሉ። ሬቲኖል ከእነዚህ አንዱ ስለ ሆነ ከዝርዝሩ ተራ ብዛቱ አይታወቅም። ቁጥሩን ያልጻፈ አምራች የሚሸጠው ስሙን ብቻ ሊሆን ይችላል። ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ቅባትም ከመቶ አንድ እጅ ሬቲኖል ሊኖረው ይችላል፤ ይህም የአውሮፓን የፊት ቅባት ልክ ከሦስት እጅ በላይ ያልፋል።

ሁለተኛ፣ ስሙን በትክክል ያንብብ። «ሬቲኒል ፓልሚቴት» የሚለው የሬቲኖል ዘመድ ቢሆንም ወደ አሲዱ ለመድረስ አንድ ደረጃ ይጨምርበታልና ይደክማል። ሬቲናል የሚባለው ደግሞ በአንድ ደረጃ ይቀርባል።

ሦስተኛ፣ ዕቃውን ይመርምር። ሬቲኖል በብርሃንና በአየር ይበላሻል። ብርሃን በሚያሳልፍ ብልቃጥ ወይም አፉ በሰፋ ቆርቆሮ የተቀመጠ ሬቲኖል ምንም ያህል «ንጹሕ» ቢባል ጉልበቱን እያጣ ይሄዳል። ብርሃን የማያሳልፍና በመጭመቅ የሚወጣ ዕቃ ይመረጣል።

አራተኛ፣ አጠቃቀሙን ይወቅ። በማታ፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ በመጀመሪያ በሳምንት ሁለት ሌሊት ብቻ ይቀባል፤ ቆዳው ሲለምድ ይጨመራል። ውጤቱ ከሦስት ወር በፊት አይጠበቅም። በተለይ ጠይምና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ ለብዙ ወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ስለሚያስቀር፣ ቸኩሎ ብዙ መቀባት መስመርን ልናጠፋ ስንል ነጠብጣብ ማትረፍ ይሆናል።

አምስተኛ፣ ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት አትቀባው። የዚህ ወገን የሆነው በአፍ የሚዋጥ መድኃኒት በፅንስ ላይ ብርቱ ጉዳት ማድረሱ የተረጋገጠ ነው። የሚቀባው በደም ውስጥ የሚደርሰው ጥቂት ቢሆንም፣ የአውሮፓ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2018 ለጥንቃቄ ሲባል በዚህ ወገን የሚቀቡት መድኃኒቶች በእርግዝና ጊዜ እንዳይወሰዱ አሳስቧል። በቅባቱ ላይ የተሣለ ቅጠል ይህን ማስጠንቀቂያ አይሽረውም።

ለወጣቱ ገዢ

እስካሁን ያልነው የቆዳው ዕድሜ ለገፋ ሰው ነው። የሚያሳዝነው ግን ገበያው ከአረጋውያን ይልቅ ወጣቶችን ማባበሉ ነው። በስዊድን አገር አፖቴክ ያርታት የተባለው የመድኃኒት ቤቶች ድርጅት በ2024 ቫይታሚን ኤና መሰል ብርቱ ነገር ያለበትን የፊት ቅባት ከ15 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች ያለ ወላጅ ፈቃድ ላለመሸጥ ወሰነ። ገና ያልተሸበሸበ ፊት መሸብሸብን እንዲፈራ የተደረገበት ዘመን መድረሱን ይህ አንድ ውሳኔ ያሳያል።

የ22 ዓመት ተማሪና አዲስ የተቀጠረ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ነገው ፊቱ ቢያስብ ክፋት የለውም። ማሰብ ካለበት ግን ከፀሐይ ይጀምር። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ 903 ጎልማሶች ለአራት ዓመት ተኩል ተከታትለው በ2013 በታተመው ጥናት፣ የፀሐይ መከላከያ ቅባት በየቀኑ የተቀቡት ሰዎች ቆዳ እንደ ፈቀዳቸው ከተቀቡት ይልቅ በ24 ከመቶ ያነሰ እርጅና ታይቶበታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ያላት ናት፤ ከፍታ ሲጨምር ቆዳን የሚያቃጥለው ጨረርም ይበረታል። አየሩ ቀዝቀዝ ስላለ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ ግን ይጎዳል። በሬቲኖል ሌሊት የተጠገነውን ቆዳ ቀን ለፀሐይ አጋልጦ መዋልም ቤት እየሠሩ ጣራውን እንደ መንቀል ነው። ከገበያ ሲመለሱ ጃንጥላ የሚዘረጉት፣ ነጠላቸውን ወደ ግንባራቸው ሳብ የሚያደርጉት እናቶቻችን ይህን ጥናት አላነበቡም፤ ሥራቸው ግን ከጥናቱ ጋር ይስማማል።

እርጅናን ፈጽሞ የሚያባርር ቅባት አልተገኘም። መስመሩን ጥቂት የሚያለሰልስ ግን ተገኝቷል፤ እርሱም የሚሠራው ልኩን ለሚያውቅና ለሚታገሥ ሰው ነው። የሚፈልገው ይፈልገው፣ የማይፈልገውም ሽበቱንና መስመሩን ተሸክሞ ይክበር፤ ሁለቱም መብቱ ነው። ገንዘቡን ለቃል ብቻ መስጠት ግን የማንም ግዴታ አይደለም። ስለዚህ አንባቢያችን በሚቀጥለው ጊዜ መደብር ሲገቡ፣ ሻጩ «ንጹሕ ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው» ሲልዎ በትሕትና አመስግነው «ከመቶ ስንት እጅ ነው?» ብለው ይጠይቁ። መልስ ካጡ ጠርሙሱን ወደ መደርደሪያው መልሰው፣ ሲወጡ ጃንጥላዎን ይዘርጉ።